ሆድ ይፍጀው፦ ስላልለቀቁኝ ሁለት ትወናዎች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ለረጅም ጊዜ በውስጤ ሲመላለስ ስለኖረ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በፊልም ካየኋቸው ትወናዎች ሁሉ ሁለቱ ብቻ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልለቀቁኝ ነው።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም። አክተር የማይሞተው ሰውዬ ነበር። ዘግይቶ የገባ ልጅ አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ሲሆን፣ መልሱን ካገኘ በኋላ ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብም ሐሳብ አይገባውም። ስለዚህ ትወና የሚባል ሙያ መኖሩን ልብ ሳልል ስፍር ቁጥር የሌለው ፊልም አይቻለሁ።

ልብ ያልኩት ታላቅ እህቴ ከካሴት አከራይ ቤት የፍቅር ፊልም ብላ ባመጣችው አንድ ካሴት ነው። ፊልሙ ጀምስ አይቮሪ በ1993 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ዘ ሪሜንስ ኦፍ ዘ ዴይ» ነበር። እህቴ ግማሽ ሰዓት ጠብቃ «ይሄማ አሽከር ሳህን ሲያመላልስ ነው» ብላ ተነሣች። እኔ ግን ቀረሁ። አንቶኒ ሆፕኪንስ በ1930ዎቹ በአንድ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት የአሽከሮች አለቃ የሆነውን ስቲቨንስን፣ ኤማ ቶምሰን ደግሞ የሴት ሠራተኞቹን ኃላፊ ሚስ ኬንተንን ሆነው ይጫወታሉ። ሆፕኪንስ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ላይ ሰው በላውን ሐኪም ሆኖ ዓለምን ያስበረገገና ኦስካር የተሸለመ ሰው ነው። ያ ሁሉ አስፈሪ ኃይል እዚህ ጋ ከነጭ ሸሚዝና ከጥቁር ኮት ሥር ተቀብሮ፣ ሰውየው ወደ ክፍሉ ሲገባ እንኳ የገባ አይመስልም። ለዚህ ሚና ሲዘጋጅ በቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ሰው መክሮት ነበር ይባላል፤ ምክሩም የአሽከሮች አለቃ በገባበት ክፍል ውስጥ ክፍሉ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ መምሰል አለበት የሚል ነበር።

አንድ ትዕይንት ላይ ልቆይ። ስቲቨንስ በዕረፍት ሰዓቱ ለብቻው መጽሐፍ እያነበበ ሳለ ሚስ ኬንተን አበባ ይዛ ትገባና ምን እንደሚያነብ ትጠይቀዋለች። አይነግራትም፤ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ጥግ ያፈገፍጋል። እሷም እየሳቀች ትጠጋውና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ላይ ታላቅቃለች። መጽሐፉ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ሆኖ ይገኛል። ተመልካች ሁሉ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ሲያደርግ የሆፕኪንስ ዓይን ግን የሚያየው ፊቷን ነው፤ ጣቶቹ እስኪላቀቁ ድረስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለማንም እንዲህ ቀርቦ እንደማያውቅ፣ ዳግመኛም እንደማይቀርብ እናውቃለን። ከዚያ ልብ ወለድ የሚያነበው እንግሊዝኛውን ለማሻሻል እንደሆነ ይነግራታል። እኔ በዚያች ዕለት ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳየው አልስቅም።

የአባቱ ሞትም አለ። ታች ቤት የጌታው እንግዶች ተሰብስበው ላይ ቤት አባቱ ያርፋል፤ ሚስ ኬንተን መርዶውን ስታደርሰው ሥራ ላይ መሆኑን ይገልጽና ወደ እንግዶቹ ይመለሳል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ሰው «ሆድ ይፍጀው» የሚል አነጋገር አለው፤ ይሁን እንጂ እኛ ሆድ ይፍጀው የምንለው ተናግረን ነው፣ ስቲቨንስ ግን ይህችን እንኳ አይላትም። ትዕይንቱን ሳይ ያስታወስኩት አባቴን ነበር። አያቴ ያረፈች ዕለት ሴቶቹ ደረት እየመቱ ግቢው ሲናጥ፣ ዕድሜውን በንብረት ክፍል ግምጃ ቤት ያሳለፈው አባቴ ከዕድሩ የመጡትን ወንበሮች በደብተር እየመዘገበ ይቆጥር ነበር። «አንድ ጎድሏል» ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አንዲት ዘመዳችን ልቡ ድንጋይ ነው ብላ ስታማው ሰምቻለሁ፤ እኔም በልጅነቴ ሳላምናት አልቀረሁም።

ከአገራችን ፊልሞች ብዙዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ይነሣል። ተዋናዮቻችን ያለቅሳሉ፣ ሙዚቃውም አብሮ ያለቅሳል፣ ለተመልካቹ የሚተርፍ ዕንባ የለም። ምናልባት ከሀገር ፍቅርና ከብሔራዊ ቴአትር መድረክ የወረስነው ልማድ ይሆናል፤ ድምፅ እስከ መጨረሻው ረድፍ መድረስ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ስሜትን ማጉላት ግዴታ ነው፤ ካሜራ ግን አፍንጫ ሥር ቆሞ የሚያይ ጎረቤት ነው። ሜሮን ጌትነትን «ድፍረት» ላይ የወደድኳትም ጠበቃዋን ሆና ስትጫወት ቁጣዋን በእርጋታ ስለያዘችው ነው።

ሁለተኛው ትወና የመጣልኝ በዚሁ በመጀመሪያው በኩል ነው። «ዘ ሪሜንስ ኦፍ ዘ ዴይ» የተወሰደበትን ልብ ወለድ የጻፈው ካዙኦ ኢሺጉሮ በ2022 «ሊቪንግ» ለተባለውና ቢል ናይ ለተጫወተበት ፊልም ጽሑፉን አዘጋጀ፤ የዚያ ፊልም ምንጭ ደግሞ አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 የሠራው «ኢኪሩ» ነው፤ ትርጉሙም በጃፓንኛ መኖር ማለት ነው። ናይ ግሩም ነው። የ«ኢኪሩ» ዋና ተዋናይ ታካሺ ሺሙራ ግን ሌላ ነገር ነው። በ47 ዓመቱ፣ ወደ 30 ዓመት ገደማ በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ያረጀና የጨጓራ ካንሰር የያዘው ዋታናቤ የተባለ ሹም ሆኖ ተጫወተ። የፍሳሽ ጉድጓድ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ ይሠራልን የሚሉ እናቶች ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ የሚታዩበት ክፍል ለእኛ ትርጉም አያስፈልገውም።

ዋታናቤ እንደሚሞት ካወቀ በኋላ አንድ ምሽት መጠጥ ቤት ውስጥ ፒያኖ ተጫዋቹን የቆየ ዘፈን ይጠይቀዋል። ይዘፍናል ማለት ይከብዳል፤ ከንፈሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ድምፁ ከጉሮሮው ሥር እየተጎተተ ይወጣል፣ ዓይኑ ዕንባ እንዳቀረረ አንድ ነጥብ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ዳንሱ ይቆማል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ቀስ በቀስ ከእሱ ፈቀቅ ይላሉ፤ ሞት አጠገባቸው መቀመጡ የገባቸው ይመስላል።

ከዚያ ፊልሙ ገና አንድ ሦስተኛው ሲቀረው አክተሩ ይሞታል። የሰፈሬ ቪዲዮ ቤት ቢሆን ኖሮ ገንዘባችን ይመለስ ብለን በጮኽን ነበር። የቀረው ፊልም በለቅሶ ቤት ውስጥ ያልፋል፤ የሥራ ባልደረቦቹ እየጠጡ መጀመሪያ ያሙታል፣ ከዚያ ያነሡታል፣ በመጨረሻም ሰክረው እንደ እሱ እንሠራለን ብለው ይማማላሉ። የእኛን ለቅሶ ቤት ያወቀ ሰው እነዚህን ሰዎች በፊታቸው ይለያቸዋል።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የስቲቨንስን ፊልም አብሬው አየሁት፤ እንግሊዝኛው ሲፈጥን እኔ እየተረጎምኩለት። ሚስ ኬንተን ሌላ ሰው ልታገባ መሆኑን ከነገረችው በኋላ ስቲቨንስ ወደ ወይን ማስቀመጫው ምድር ቤት ይወርዳል፣ ጠርሙስም ከእጁ አምልጦ ይሰበራል። በፊልሙ ውስጥ ከእጁ ነገር ሲያመልጠው ያየነው ይህን ብቻ ነው። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየና፣ ቴሌቪዥኑን ሳያይ «ጠርሙሱን ከደመወዙ ይቆርጡበት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።