«ማን ነው ቴስት ያደረገው?»

እሺ... ቬንቲሌተሩን፣ ማራገቢያውን ማለቴ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው ቅጂ ላይ «ከአንተ ይልቅ እሱን ሰማነው» ስላላችሁኝ ነው እንጂ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቬንቲሌተር የሚያጠፋ ጤነኛ የለም። አቦ፣ ዛሬ አጭር ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ።

ያቺ ጥያቄ ናት፣ አሁንም። ቴስተር ነኝ፣ ሶፍትዌር ከመውጣቱ በፊት የምሞክር፤ ያለፈኝ ስህተት ሲገኝ አለቃችን ስብሰባ ላይ የጠየቃት። «ማን ነው ቴስት ያደረገው?» ማን ጻፈው አይደለም፤ 3 ቀን የተባለውን የቴስት ጊዜ ማን አንድ ቀን አደረገው አይደለም። ቁጣ እንኳ የለበትም እኮ፣ ስኳር ስንት ላድርግ እንደሚል ሰው ነው የጠየቀው። ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀረቀረ። እኔም «እኔ» አልኩ። በቃ፣ «እኔ»። ሌላ ቃል አልወጣም።

ባጉ፣ ስህተቱ፣ ደግሞ... አትሳቁ። ጳጉሜ 6። አዎ፣ ዛሬም ጳጉሜ! የልደት ቀን መሙያው ጳጉሜን 5 ቀን ላይ ቆልፎታል፤ ጳጉሜ 6 ቀን 1991 የተወለደ ሰው መመዝገብ አይችልም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 አለው። 2011፣ 2015፣ ቀጥሎ 2019። ስለዚህ ጳጉሜ 6ን በ2015 መቀበል፣ በ2016 መከልከል አለበት። ጳጉሜ 7 በየትኛውም ዓመት አይገባም። ከዚያ ቅየራው፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 በማግስቱ 12 ላይ ዋለ። መስከረም 1ን ሁልጊዜ 11 ላይ የቸነከረ ኮድ 2016ን ሙሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ሰዓቱማ ሌላ ጉድ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ሰው የትናንት ቀን ይጻፍበታል። ቀን ቀን ብቻ ቴስት የምታደርጉ አታገኙትም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ «እኔ»።

አንድ ፎርም 4 መምረጫ፣ እያንዳንዱ 10 አማራጭ ቢኖረው 10,000 ጥምረት ነው። አንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ በቀን 8 ሰዓት ሠርታችሁ 21 ቀን ገደማ። ለአንድ ፎርም! «ሁሉንም ቴስት አድርጌያለሁ» የሚል ቴስተር ዋሽቷል... አይ፣ ፈርቷል ማለት ይሻላል።

የሚረዳው ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ያልታየ» የሚል መስመር ነው። ምን አልታየም፣ ለምን፣ ቢበላሽ ማን ይጎዳል። ሶፍትዌሩ ሪሊዝ ከመደረጉ፣ ለተጠቃሚ ከመለቀቁ፣ በፊት ለሚወስነው ሰው ይላክ፤ በኋላ ከተላከ ማመካኛ ይመስላል። ይሄን ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ግን... ጳጉሜን ጭራሽ ካላሰብኩትስ? የረሳሁትን ነገር «ያልታየ» ብዬ እንዴት ነው የምጽፈው?

ሌሊት ደግሞ ጭንቅላት በራሱ ቴስት ማድረግ ይጀምራል። ከመተኛት በፊት ለነገ የሚሞከሩ 3 ነገሮችን ወረቀት ላይ አስፍሮ ወረቀቱን ሌላ ክፍል መተው፣ አንዳንዴ ይሠራል። ስልክ ላይ ከጻፋችሁት ግን ስልኩን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ አበቃ። ትናንት አራተኛ መጣብኝ።

ኮዱን የጻፈው ዴቨሎፐር እኮ ስብሰባው ላይ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። እሱም ዝም። በማግስቱ ከዚራ ሰፈር ወስዶ ሻይ ጋበዘኝ፣ ስለ ባጉ ትንፍሽ አላለም። ይቅርታ መሆኑ ነው እንዴ? ወይስ ዝም ብሎ ሻይ... አቦ አልቻልኩም ሙቀቱን፣ ቬንቲሌተሩን ልከፍተው ነው።