ለእኔው ንገሩኝ

(በጡት ካንሰር ወር፣ ለታካሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ዶክተሮቻችን፣ ሲስተሮቻችን፣ አስታማሚዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከግሉኮስ መስቀያው ሥር የተዋወቅን እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በኬሞ ሕክምና ወቅት የዕለት ተዕለት አኗኗር» የሚል ነው። የተፈቀደልኝ 15 ደቂቃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ደቂቃዬን አከፋፍዬ መጥቻለሁ። ሦስቱ ለምግብ፣ ሁለቱ ለፀጉር፣ አንዱ ለእንቅልፍ። የቀሩት ዘጠኙ የቂሜ ናቸው። እንግዲህ ከቂሜ ልጀምር፤ ምግቡ ይደርሳል።

ወንድም ጋሼ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የምናገረውን ትናንት ማታ አንብቤለታለሁ። «ስሜን ካልጠራሽ ተናገሪ» ብሎኛል። አልጠራም።

የናሙናው ውጤት የመጣ ዕለት ዶክተሩ «እስቲ አንቺ ውጪ አረፍ በይ» አለኝና ወንድሜን አስቀረው። በሩ መስታወት ነበረው። ኮሪደር ላይ ቆሜ የወንድሜን ጀርባ አያለሁ። አንዴ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ቀና አለ። ከዚያ መሀረቡን ከኪሱ አወጣ። ሲወጣ ግን ፈገግ ብሏል። «እጢ ነው፤ ወጥቶ ይጣላል፤ እንዳይመለስ ደግሞ ትንሽ መድኃኒት ትወስጃለሽ» አለኝ።

እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ መሀረቡን አይቻለሁ። ግን እሱ ምንም እንዳልሰማ ሲሆን እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ማወቁንም ፈርቼው ነበር። እንዲህ ሆነን ሁለት ወር ቲያትር ሠራን። ማታ ማታ ዘመድ ይሰበሰባል። እኔ ወደ ጓዳ ስገባ ሳሎን ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ስመለስ ወሬው የሽንኩርት ዋጋ ሆኖ ይጠብቀኛል። በዚያ ሰሞን የሽንኩርት ዋጋ ያላስጨነቀው ዘመድ አልነበረኝም።

እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ሰው ማልዶ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መሀል ገብቶ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ነው የሚረዳው። ባህሉን አልንቅም። የባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ ነው የሰማሁት፤ ያን ዕለት ብቻዬን ብሆን ኖሮ መሬቱም አይበቃኝም ነበር። ነገር ግን መርዶ የሞተ ሰው ወሬ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ ሳለሁ የራሴን መርዶ ለወንድሜ አረዱት!

የስምምነት ወረቀቱንም የፈረመው እሱ ነው። ጡቱ የኔ፣ ደም ሥሩ የኔ፣ ፊርማው የወንድሜ።

የመጀመሪያውን ዙር የወሰድኩት መስከረም 8 ቀን ነው። ሲስተሯ ቀዩን መድኃኒት በሲሪንጅ ቀስ እያለች ስትሰጠኝ «ምንድነው?» አልኳት። ቀና ብላ ወንድሜን አየችው። እሱ «ደም የሚያጠራ ነው» ብሎ መለሰላት። የዚያን ሌሊት ሽንት ቤት ገብቼ ሽንቴ ቀይ ሆኖ ሳየው ደም መሰለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጄን እንዳልቀሰቅስ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። አሁን ይህን ለእናንተ ለመናገር አምስት ሴኮንድ ፈጀብኝ? ያን አምስት ሴኮንድ ነው የነፈጉኝ!

መስቀል መስከረም 17 ነው። ቁጠሩልኝ፤ አሥረኛ ቀኔ ማለት ነው። የባለቤቴ ወገኖች ጉራጌ ናቸው፤ መስቀልና ክትፎ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ወንድሜ ለበዓሉ አገር ቤት ወርዷል። የባለቤቴ እህት ክትፎውን ከነቆጮው፣ ከነአይቡ ይዛ መጣች። «ሳይለበለብ ብይው፣ ደም ይሆንሻል» አለችኝ። በፍቅር ነው። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ሲለኝ ከርሞ የመጀመሪያዋ የጣመችኝ ጉርሻ እሷ ነበረች። ሦስቴ ጎረስኩ።

በማግስቱ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ክትፎው ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቤቱ ግን ወዲያው ተስማማ፦ ምች ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው። ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ተጨመቀ፤ ከቡና ጋር ጠጣሁ፣ ግንባሬንም ቀቡኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡብኝ። «ላብ ካላት ይለቃታል» ተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ተንቀጠቀጥኩ። ጠዋት ጎረቤቴ የልጇን ቴርሞሜትር አምጥታ ብብቴ ሥር ስታደርገው 39.4 አለ።

ይኸው እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ኬሞ ከተሰጠ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ሰውነት ዘብ የለውም። በዚያን ጊዜ ትኩሳት 38 ከደረሰ ጉዳዩ የዳማከሴ አይደለም፣ የድንገተኛ ክፍል ነው፤ በዚያው ሌሊት። ዶክተሩ ይህን አልተናገረም ብዬ አልዋሽበትም፤ ተናግሯል። ለወንድሜ። ወንድሜ ደግሞ «ካንሰር» ከሚለው ቃል በኋላ የተባለውን አንድም አልሰማም። ማንም አይሰማም። የሰማት ያህል እንኳ ከሱ ጋር ተሳፍራ አገር ቤት ወርዳለች፤ ስልክ ቢደወል ኔትወርክ የለም። ሕይወቴን የሚያተርፈው ቁጥር ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ለመስቀል ሄደ፣ እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ሥር ቀረሁ።

ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለኝ። ተማሪዬ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው። «እናቴ፣ ኬሞ ከወሰዱ ስንተኛ ቀንዎ ነው?» አለኝ። «ምን ከወሰድኩ?» አልኩት። ዝም አለ። የባለቤቴ እህት ከኋላዬ ሆና በዓይኗ ስትጠቅሰው ታወቀኝ። ልጁ አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ፣ እግዜር ይስጠው። መርፌውን አሠርቶ፣ መድኃኒቱን አስጀምሮ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ካንሰር ነው» አለኝ። ደረጃው ሁለት ነው። የሚወስዱት ስምንት ዙር ነው፤ አራቱ ከቀዩ ጋር፣ አራቱ በሌላ፤ በየ21 ቀኑ። ትኩሳት እንዲህ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ፣ ጥሬ ነገር አይብሉ፣ ፀጉርዎ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይበቅላል።

ስምንት ጊዜ ሃያ አንድ፣ 168። ቁጥር ሰጠኝ! በዚያች ሌሊት አለቀስኩ፤ ግን በራሴ ጉዳይ ነው ያለቀስኩት፣ ከማንም ሳልደበቅ። ካለቀስኩ በኋላ የልጄን ደብተር አስመጥቼ 168 ሳጥን ሠራሁና አሥራ ሁለቱን ቀለም ቀባሁ።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ አንድ ነገር ልበል፣ ሰዓቴም ይፈቅዳል። አያቴ ማይጨው ዘማች ነበሩ። በ1928 ጣሊያን ከአውሮፕላን ስለረጨው መርዝ፣ ስለ ሰናፍጭ ጋዝ፣ ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይደግሙ ነበር፤ «ካፊያ መስሎን ነበር» ይላሉ። ካፊያ መስሎት ፊቱን ያጠበበት ጓደኛቸውን አንስተው ዝም ይላሉ። በኋላ ስለ መድኃኒቴ እያንዳንዷን ነገር መጠየቅ ስጀምር፣ ከቀዩ ጋር የሚሰጠኝ ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ተረዳሁ። ጋዙ የነካቸው ወታደሮች ነጭ የደም ሴላቸው ሲያልቅ ሐኪሞች አይተው ነበርና፣ በፈረንጆች 1942 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘመዱን በልክ ለካንሰር ታማሚ ሰጡት። ኬሞ የሚባለው ሕክምና ከዚያ ነው የተነሳው። አያቴን ያቃጠለው ነገር ቤተሰብ የልጅ ልጃቸውን አዳነ። ይህን ሳውቅ መድኃኒቱን መፍራቴ ቀረ አልላችሁም፤ ግን አከበርኩት። እኔስ ምን ነበር የመሰለኝ? ደም የሚያጠራ። እሳቸው ካፊያ መስሏቸው፣ እኔ ደም ማጥሪያ መስሎኝ።

ዶክተሮቻችን፣ አትቀየሙኝ። «ሐበሻ እውነቱን ከነገሩት ተስፋ ይቆርጣል» ትላላችሁ። ተስፋ የቆረጥኩት ሳሎን ውስጥ ስለ ሽንኩርት ሲወራ ነው! «መድኃኒቷን ጥላ ጠበል ሄደች» ብላችሁም ታካሚዋን ትወቅሷታላችሁ። እኔም እንጦጦ ወጥቼ ተጠምቄያለሁ፤ ጠበሌንም ቀጠሮዬንም የማውቅ ሰው ስለሆንኩ አንዱ ከአንዱ አልተጋጨብኝም። እሷን ግን «ደም ማጥሪያ ነው» ብላችኋታል። ደም ማጥሪያ የተባለ ነገር ፀጉሯን ሲነቅል፣ አንጀቷን ሲገለብጥ፣ ምን ብላ ሁለተኛ ትምጣ? እኔም እሷን ብሆን እሸሻለሁ! ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ሆኖ ሲቆይ ሰው ከየት ከየት እንደሚመጣ እናንተው አይታችኋል። አንድ ዙር ወስዳ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ገጠር የምትመለሰው ሴት በአሥረኛው ቀን አጠገቧ ማን አለ? ሐኪም የለም፣ ሲስተር የለችም። ያለችው እሷው ናት። ለእሷው ንገሯት።

አስታማሚዎች፣ እናንተን አልቆጣም፤ ደክማችኋል። ወንድሜም ደክሞ ነበር። ሐሳቡን ብቻውን ተሸክሞ ስምንት ኪሎ ቀነሰ፤ እኔ የቀነስኩት አምስት ነው። ከሆስፒታል ስወጣ «ነገሩኝ» አልኩት። መኪናውን ዳር ይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ተኝቶ ያድር ጀመር።

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ፣ አስተባባሪዋ ሰዓቷን እያየች ነው።

ምግብ። የቡና ቁላትና የቁሌት ሽታ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ጠላት ነው፤ ሌላ ቤት ይቆላላችሁ። አጥሚት፣ አልጫ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ። የማቅለሽለሹ ኪኒን ሆድ ያደርቃል፤ ተልባ ረድቶኛል፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አፍ ሲቆስል ለብ ያለ ውሃ በጨው መጉመጥመጥ። ጥሬ ሥጋ ለፋሲካም ለመስቀልም የለም፤ ክትፎውን አብስሉት፣ እግዜር ይቅር ይላል።

ፀጉር። የኔ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ትራስ ላይ ቀረ። ልጄ ሙሉውን ላጨችኝ። ለሁለተኛው ዙር ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬ ሸርተት አለና አንዲት እናት ራሴን አዩት። እኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። «ማንም አልሞተ እማማ፣ ካንሰር ታምሜ መድኃኒት ላይ ነኝ» አልኳቸው፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ረዳቱ ሒሳቤን አልቀበልም አለ። እሳቸው እጄን ይዘው እስከ መውረጃዬ አልለቀቁኝም። ያንን እጅ የሰጠኝ ቃሉን መናገሬ ነው። ብደብቀው ኖሮ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለውኝ ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበር።

እንቅልፍ። አይመጣም። ሲመጣ ተኙ።

የመጨረሻዎቹ አራት ዙሮች ጣት ያደነዝዛሉ። ጠመኔ ከእጄ ይወድቅ ነበር፣ ሦስት ሲኒ ሰብሬያለሁ፣ የሹራቤን ቁልፍ ልጄ ነበረች የምትቆልፍልኝ። አሁን ተመልሷል፤ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ብቻ አሁንም የሰው ትመስለኛለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በእቁቤ ገንዘብ አርባ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት አሥሬበታለሁ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ «38 ከሆነ አሁኑኑ ሆስፒታል» ይላል። ከሥሩ የስም ቦታ አለ። የሚጻፈው የታካሚዋ ስም ነው፤ ጻፊው እሷ ናት። ለባል አልሰጥም፣ ለወንድም አልሰጥም። ወንድም ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ይጠብቅልኛል፣ «ለሚስቴ ልውሰድላት» የሚል ቢመጣ ምን እንደሚመልስለት ያውቃል።

አመሰግናለሁ።