የወገብ ጣጣ እግር ላይ ሲወጣ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስለ ወገብ ላውራችሁ። እዚህ ጅማ የቡና ወቅት ሲደርስ "ወገቤን" የማይል ሰው ጥቂት ነው። ለቃሚው ሲያጎነብስ ይውላል። ተሸካሚው ደግሞ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ጆንያ ካነሳ 60 ኪሎ ነው የሚያነሳው።

እንደ ወንድም የማየው ጎረቤቴ ጫኝና አውራጅ ነው። ሕመሙ ከመቀመጫው ይነሳና በጭኑ ጎን አድርጎ እስከ እግሩ አውራ ጣት ይነዝረዋል። ሲያስነጥስ ይብስበታል። ቁጭ ሲልም እንደዚያው። ሰፈሩ "ብርድ ነው" አለው። እግሩ ታሸ፣ ቅባት ተቀባ። እግሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል 23 ዲስኮች አሉ። ዙሪያቸው ጠንካራ ነው፣ መሃላቸው ለስላሳና ዝልግልግ። ጎኑ ያበጠ የባጃጅ ጎማ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ዲስክም ዙሪያው ሲደክም እንደዚያ ወደ ውጭ ይገፋል። አንዳንዴ ዙሪያው ተቀዶ መሃሉ ያለው ይወጣል። እዚያው አጠገብ የነርቭ ሥር አለ። ዲስኩ ሥሩን ሲጫነውና ሥሩ ሲቆጣ፣ ሕመሙ ነርቩ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይወርዳል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ናቸው። አውራ ጣት ከደነዘዘና በተረከዝ መራመድ ካቃተ ሐኪሙ አንዱን ነርቭ ይጠረጥራል። ሕመሙ በባት በኩል ወደ ትንሿ ጣት ከወረደና በጣት ጫፍ መቆም ካስቸገረ ደግሞ ከሱ በታች ያለውን። አንገት ላይ ሲሆን ክንድና እጅ ነው የሚደነዝዘው። ለዚህ ነው ሐኪም ፊት "ወገቤን" ብላችሁ እንዳታቆሙ የምለምናችሁ። የት ድረስ እንደሚወርድ በጣታችሁ አሳዩ።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነሳ። "ዲስክህ ወጥቷል" ተባለ። ከዚያ በኋላ አልጋ ያዘ። "አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ሥራ የለም" አለኝ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ከሕመሙ በላይ ወረቀቱ ጣለው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አለ። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች የተነሱትን ምስል ነው ያየው። በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 30 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 84 በመቶው ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። ሳያማቸው! ስለዚህ ምስሉ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ከምልክታችሁ ጋር ሲገጥም ነው። ቢገጥምም እንኳ ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ይሻለዋል። የወጣውን ዲስክ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊመጥጠው ይችላል።

ሕመሙ ሲበረታ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያለ ነው። ለሳምንታት መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል። አቅም በፈቀደ መጠን መራመድ ይሻላል፤ እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ እያረፉም ቢሆን። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በጣም እወዳለሁ፤ በሕመም ሰሞን ግን ቡናውን መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጠጡ። ወጌሻዎቻችንንም አከብራለሁ። እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ወገብ ሲጠመዘዝ ግን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ጎረቤቴ አሁን ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል። ጆንያውን ገና አልነካም፣ ይራመዳል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሽንት እምቢ ካለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ከታች ያሉት ነርቮች በጅምላ ጫና ደርሶባቸዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ይሄ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። "ይንጋና" አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አፍራችሁ ሽንታችሁን አትደብቁ፤ መጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን።