ልጁ አገኘ፣ እናቱስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው እዚህ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሐበሻ ቤት ውስጥ ስለሚያድጉ ኤልጂቢቲኪው፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ፣ ትራንስጀንደርና የመሳሰሉት ስለሆኑ ወጣቶች ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

«እነዚህ ልጆች ወዴት ይሂዱ?» ትሉኛላችሁ። መሄጃስ አላቸው። እነዚህን ወጣቶች የሚደግፈው ስማይል የተባለው የዋሽንግተን ድርጅት ከ1984 ጀምሮ አለ። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት ደግሞ ከ1998 ጀምሮ በጭንቅ ላይ ያሉ ወጣቶችን ቀን ከሌት ያነጋግራል። 988 የተባለው የአገሪቱ የቀውስ ጊዜ መስመር ለእነሱ ለይቶ የከፈተው አማራጭ በ2025 መዘጋቱ አንገብግቦኛል፤ መስመሩ ራሱ ግን ለማንኛውም ሰው ይሠራል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ልጁ እርዳታውን በእንግሊዝኛ ፈልጎ ያገኛል፤ እናቱ ግን የምታለቅሰው በአማርኛ ነው፣ ያውም በሯን ዘግታ። ለንስሐ አባቷ መንገር ትፈራለች፤ ለእህቷ ብትነግር ወሬው በሳምንቱ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ስለ ጂን ማንፎርድ ልንገራችሁ። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። በ1972 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነው ልጃቸው ሞርቲ የተቃውሞ ወረቀት ሲበትን ተደበደበ፤ ፖሊሶች ቆመው አዩ። እሳቸው ለኒውዮርክ ፖስት ጋዜጣ ጽፈው ልጃቸው ማን እንደሆነ፣ እንደሚወዱትም በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ከእሱ ጋር ሰልፍ ሲወጡ ወጣቶች እየሮጡ መጡባቸው። የለመኗቸው ገንዘብ አልነበረም፤ ወላጆቻችንን ያነጋግሩልን ነበር ያሏቸው። በማግሥቱ ዓመት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ዛሬ ፒፍላግ የሚባለው የወላጆችና የቤተሰቦች ማኅበር የተወለደው እዚያ ነው።

ትሬቨር ፕሮጀክት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ የሚቀበላቸው አንድ አዋቂ እንኳ ያላቸው ወጣቶች በዓመቱ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል የማለት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ አዋቂ! አክስት ልትሆን ትችላለች፤ የክርስትና አባትም።

አገር ቤት ላላችሁ ወጣቶች ግን ለአዋቂ ንገሩ ብዬ እንዲሁ አልመክርም። የኢትዮጵያ ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ለማን፣ መቼ እንደምትነግሩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ማንም አያጣድፋችሁ። በኢንተርኔት ብቻ የምታውቁትን ሰው ለማግኘትም ብቻችሁን አትሂዱ።

እዚህ ያላችሁ ወላጆች ግን፣ ፒፍላግ ስብሰባ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ። ሐበሻ ያየኛል ካላችሁ ራቅ ያለ ከተማ ምረጡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። እናንተ ስለ እሱ የምትሉትን ሁሉ በገዛ አፉ መልሶ እንዲናገር አይገደድ።