አንድ ደቂቃው ለማን ነው?

እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከደሴ ነው፤ የምትሰሙት ድምፅ የባጃጅ ነው፣ እለፉት።

የአርበኞች በዓል ላይ ያየሁት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የኅሊና ጸሎት ተባለና ሁላችንም ቆምን። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የአባታቸውን ኒሻን ደረታቸው ላይ ሰክተው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቆይቶ ድምፅ ወጣው፤ አባታቸውን እስከ ቅድመ አያቱ እየጠሩ፣ የዋለበትን ጋራ እየጠሩ። አንድ አስተባባሪ ልጅ ሮጦ መጣና «እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ፣ ደቂቃው አላለቀም» አላቸው። ዝም አሉ።

ልጁ ክፉ አይደለም። ክብር ማለት ዝምታ ነው ተብሎ ነው ያደገው።

ይሄ ወግ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ኬፕታውን ውስጥ እኩለ ቀን ላይ መድፍ ሲተኮስ ሰው ባለበት ቀጥ ይል ነበር። ፐርሲ ፊትዝፓትሪክ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ሐሳቡን ለንደን አደረሰው፤ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1919 አወጁት፣ ያውም ሁለት ደቂቃ። የሚገርመው፣ ኮምቦልቻ በር ላይ ጣሊያንን ገጥሞ፣ ከአርበኞቻችን ጋር ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴን ያስለቀቀውም የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ ሊገቡ 9 ቀን ሲቀራቸው ማለት ነው። ለእነዚያ ወታደሮች ዝምታው የአገራቸው ወግ ነው፤ ያምርባቸዋል።

እኛ ጋ ግን ጀግና ሲሞት ዝም አይባልም። ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ አልቃሿ ሙያውን ትደረድራለች፣ ጓደኛው «ዘራፍ!» ብሎ ይፎክርለታል። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ደግሞ «አሚን» የሚለው ሰው መንደሩን ይሞላዋል። ወሎ ላይ ሁለቱ አንድ ድንኳን ውስጥ ሲደረጉ ነው ያደግነው።

ዝምታው ይቅር እያልኩ አይደለም። ፉከራ ለተዋጋ ሰው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል፤ ለዚያ ይፎከር። ቤቷ ውስጥ ለተቃጠለችው እናት ግን ማን ይፎክራል? የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ አልጋ ላይ ለተመታ በሽተኛ ምን ይባላል? እዚያ ላይ ዝም ማለት ይገባኛል። ሙሾም ይገባኛል።

የማይገባኝ ሌላ ነው። እማማን ዝም ካሰኘን በኋላ የአንበሳ ጎፈር ያጠለቁ ወጣቶች መድረክ ወጥተው፣ በተቀረጸ ሙዚቃ፣ በትልቅ ስፒከር ሸለሉ። ጎበዞች ናቸው፣ አልዋሽም። ሰዉም ስልኩን አወጣ። ግን የአርበኛው ልጅ እዚያው ቆማ ለጀግናው የሚፎክርለት ተከፋይ ነው?

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ደቂቃዋ ትከበር፤ እንዳለቀች ማይኩ መጀመሪያ ለአርበኛ ልጆች ይሰጥ፣ የፈለገ ይፎክር፣ የፈለገ ያልቅስ፣ የፈለገ ዱዓ ያድርግ። የመድረኩ ሽለላ ከዚያ ይቀጥላል። ሰዓት አይበቃም የሚል አዘጋጅ ካለ፣ አብሽር፣ ከክብር እንግዶች ንግግር ላይ ይቀንስ፤ እዚያ ብዙ ሰዓት አለ።