ካሜራን ከኦቶ ማውጣት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ለሦስቱ የፎቶግራፍ ባለሙያችን የሰጡት መልስ ቀጥሎ ቀርቧል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ከገዛሁ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ እስካሁን የማነሣው ካሜራው ሁሉን ራሱ በሚወስንበት በኦቶ ብቻ ነው። አፐርቸር፣ ሻተር ስፒድና አይኤስኦ ከሚባሉት የትኛውን ላስቀድም?

መልስ፦ አፐርቸርን ያስቀድሙ። ሦስቱም የሚቆጣጠሩት ብርሃንን ነው፤ አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ሻተር ስፒድ ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት ሲሆን፣ አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የገባለትን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላው ይወስናል። በካሜራው አናት ላይ ያለውን ተሽከርካሪ ቁልፍ ካኖን ከሆነ ኤቪ፣ ኒኮን ወይም ሶኒ ከሆነ ኤ ወደሚለው ያዙሩት፤ ያን ጊዜ አፐርቸሩን እርስዎ ሲመርጡ ሻተር ስፒዱን ካሜራው ራሱ ያስተካክላል።

ጀማሪዎችን ሁሉ ሲያደናግር የማየው፣ ኤፍ ተብሎ የሚጠራው የአፐርቸር ቁጥር የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የፎከስ ርዝመት (በሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈው) ለቀዳዳው ስፋት ተካፍሎ ስለሆነ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ኤፍ 2 ማለት 25 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቀዳዳው ይጠብባል። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 5.6 ሲሄዱ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ካሜራው ጊዜውን ለምሳሌ ከሰከንድ 1/500ኛ ወደ 1/250ኛ በማስረዘም ያካክሰዋል። ይህን በንባብ ብቻ አይማሩት። አይኤስኦውን 400 ላይ ያቁሙና ጀበናውን ከረከቦቱ ጋር መስኮት አጠገብ አስቀምጠው፣ አንድ ጊዜ ሌንስዎ በሚፈቅደው ትንሹ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በኤፍ 11 ያንሡት፤ በመጀመሪያው ከጀበናው በስተኋላ ያለው ሁሉ ብዥ ሲል፣ በሁለተኛው ጎልቶ ይታያል። በኤፍ 11 ጊዜው ስለሚረዝም ካሜራውን ጠንካራ ነገር ላይ ያስደግፉት።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ሳነሣ ብዥ ይሉብኛል።

መልስ፦ ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ሲግጥ የሰከንድ 1/250ኛ ሻተር ስፒድ ሊበቃ ይችላል፤ ሲሯሯጥ ወይም ወንዱ ጎፈሩን እያራገፈ ሲጣላ ግን ከ1/1000ኛ ባይወርዱ እመክራለሁ። የጓሳ ጠዋት ብዙ ጊዜ ጉም ስለሆነ ለዚህ ፍጥነት ብርሃኑ አይበቃም፤ ስለዚህ አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1600 ከፍ ለማድረግ አይፍሩ። በሥዕሉ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ቢታይ ምንም አይደለም፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ግን በኋላ አይታረምም። ቅዝቃዜው ባትሪ ስለሚያደክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪስዎ ይያዙ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ በጥምቀት ያነሣኋቸው ሰዎች ነጭ ልብሳቸው ግራጫ ሆነ፤ ፊታቸውም ጠቆረ።

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጠላና ቀሚስ ሥዕሉን ሲሞሉት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ የጣርማ በር ጉምም እንደዚሁ ያሳስተዋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጠቅመው ወደ መደመር 1 ያድርሱት፤ ነጩ ዝርዝሩን ካጣ ትንሽ ይመልሱት። ጥቁር የመንዝ በርኖስ የለበሱ አባት ሥዕሉን ሲሞሉት ደግሞ ወደ መቀነስ ይሂዱ። ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መመለስዎን አይዘንጉ፤ ብዙ ካሜራዎች ቢጠፉም እንኳ ያስተካከሉትን ቁጥር ይዘው ይቆያሉ።