ቀስቱ ዳር ሲደርስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገር አለ፦ የአባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የድሮ የእጅ ሰዓት፣ እና ኪስ የምትገባ የጋይገር ቆጣሪ፣ ማለትም ጨረር የምትቆጥር መሳሪያ። የሰዓቱ ቁጥሮች ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀቡ ናቸው። ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር፤ አሁን ብርሃኑ ጠፍቷል፣ ራዲየሙ ግን አለ። ቆጣሪዋ እንዲሁ ስትቀመጥ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ያህል ጠቅ ትላለች። ሰዓቱ ላይ ሳስጠጋት ግን... ስሙት... ፈንዲሻ!

እስከ ስንት ድረስ እንደምትለካ መመሪያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔም ያነበብኩት ከገዛኋት ከወር በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱቦዋ ውስጥ ጋዝ አለ። ጨረር ሲገባ ብልጭታ ይፈጠራል፤ አንድ ብልጭታ፣ አንድ ጠቅታ። ከዚያ በኋላ ቱቦዋ ለአንድ አስር ሺኛ ሰከንድ ያህል ምንም አታይም። ጨረሩ ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም። ሲበዛ ግን ቀጣዩ ከማገገሟ በፊት ይደርስባታል፣ ሌላው ይደርብባታል፣ ብልጭታው ይደክማል፣ የሚቆጠር ነገር ይጠፋል። አንዳንዱ ቆጣሪ እዚህ ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አስቡት፣ ሞት ፊት ቆሞ ዜሮ! ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ መሳሪያቸውን ከሩቅ አብርተው የሚጠጉት፤ ሲወጣ የነበረው ቁጥር ድንገት ከወረደ ወደ ኋላ ነው።

አሜሪካኖች ለኑክሌር ጦርነት ካዘጋጇቸው መሳሪያዎች ሲዲ ቪ-700 የተባለው ጋይገር ጣሪያው በሰዓት 50 ሚሊ ሮንትገን ነው፤ ሮንትገን የጨረር መለኪያ ነው፣ ሚሊ ሮንትገን ደግሞ የእሱ አንድ ሺኛ። ለከባዱ ቀን ያስቀመጡት ሲዲ ቪ-715 በሰዓት እስከ 500 ሮንትገን ይለካል፤ አሥር ሺህ እጥፍ። እሱ ደግሞ ጭራሽ ጋይገር አይደለም።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ጎያኒያ ነው፣ ብራዚል፣ እ.ኤ.አ. 1987። ከተተወ ክሊኒክ የተሰረቀ፣ ሲዝየም 137 የተባለ ኃይለኛ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘ ዕቃ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ዞሮ፣ በመጨረሻ በአውቶቡስ ተጭኖ ጤና ቢሮ ደረሰ። አንድ የፊዚክስ ባለሙያ እስኪ ልየው ብሎ የማዕድን ፈላጊዎች መለኪያ ተዋሰ። ጋይገር አልነበረም፣ ግን እሱም የተሠራው ለድንጋይ ደካማ ጨረር ነው። ገና ቢሮው ሳይደርስ ቢያበራው ቀስቱ ዳር ሄዶ ተለጠፈ። ወደ ቀኝ ቢያዞረው፣ ወደ ግራ ቢያዞረው ያው። “ተበላሽቷል” ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ዳር ሄዶ ተለጠፈ። ያኔ ገባው። ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዕቃውን ወንዝ ሊጥሉት እያሰቡ ነበር፤ እሱ ነው ያስቆማቸው። አራት ሰው ሞቷል።

እኔ ብሆንስ? መጀመሪያውኑ “ይሄ ዕቃ አይሠራም” ብዬ ቤቴ እገባ ነበር መሰለኝ።

ትናንት ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። ወገቧን ሲያማትም እንደዚያው፣ ስኳሯ ሲወጣም እንደዚያው። ስልኩን ዘጋሁና ለጎረቤቷ ደወልኩ።

“ኧረ እሷ ከተኛች ሦስት ቀኗ ነው!”